ከዶ-ሚ-ሶል በፊት ባቲ

ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ለመማር የተነሣ ልጅ ስኬል ከለመደ በኋላ የሚሰጠው የመጀመሪያ አርፔጅዮ የትም ቢሆን ያው ነው፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ከዚያ ላይኛው ዶ። አውራ ጣት 1፣ ትንሿ ጣት 5 ተብላ ስትቆጠር፣ ለቀኝ እጅ 1-2-3-5፣ ለግራ እጅ 5-4-2-1 ይባላል። ሁለት ኦክታቭ ከሆነ ቀኙ 1-2-3-1-2-3-5 ብሎ ይወጣል። የአዲስ አበባ ማሠልጠኛ የሚከተለው መጽሐፍም፣ ቆቦ ያለ ወጣት በስልኩ የሚያገኘው የቪዲዮ ትምህርትም ከዚህ እምብዛም አይወጣም። ከልምዱ ጀርባ ያለው እምነት ግልጽ ነው፦ ተማሪው መጀመሪያ «ዓለም አቀፉን» ይያዝ፤ ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የጆሮ ጉዳይ ስለሆኑ ኋላ ራሳቸው ይመጣሉ። ይህ ቅደም ተከተል ስሕተት ነው። አርፔጅዮ አያስፈልግም ከሚሉት ወገን አይደለሁም፤ የኮርድን ድምፆች አንድ በአንድ መዘርዘር የማይችል ግራ እጅ ዘፈን ሊያጅብ አይችልም። የምሞግተው ከየትኛው እንጀምር በሚለው ላይ ነው።

ከድምፆቹ እንነሣ። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የወሎ አገር ስም ነው፤ የራያ ቆላ ልጅም ፒያኖ ከማየቱ በፊት ዜማቸውን በሠርግና በበዓል ሰምቶ አድጓል። ሜጀር ትዝታ ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሜጀር ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። በእነዚህ ሁለቱ ውስጥ ዶ-ሚ-ሶል አለ፤ እስከዚህ መጽሐፉ አያሳስትም። አምባሰል ግን ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ስለሆነ ሚ የሚባል ድምፅ የለውም። አንቺሆዬ፣ ማለትም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፣ ከዶ-ሚ-ሶል የሚጋራው ዶን ብቻ ነው። እንግዲህ «ከዶ ለሚነሣ ዜማ ግራ እጅህ ዶ-ሚ-ሶልን ይዘርዝር» ተብሎ የተማረ ጀማሪ አምባሰልን ሲያጅብ፣ ዘፋኙ በማይነካው ድምፅ ላይ ደጋግሞ ይረግጣል። የኪቦርዱን ስታይል፣ ማለትም ራሱ የሚያጅበውን ምት፣ ከፍቶ በአንድ ጣት ዶን ሲጫን ደግሞ መሣሪያው ራሱ ይህንኑ ስሕተት ሳይደክም ይደጋግምለታል። በየሠርጉ ዳስ አምባሰል ከኪቦርድ ጋር ሲዘፈን አንድ ነገር የጎረበጠው አድማጭ ጆሮው አላታለለውም። ለዚያ ቅኝት የሚስማሙት ፋ፣ ላ ፍላት፣ ዶ ወይም ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ላ ፍላት ናቸው፤ ጀማሪው ግን እነዚህ ላይ ሳይደርስ ትምህርቱን ያቆማል።

ዋናው ማስረጃ ግን ያለው ጣት ላይ ነው። የአርፔጅዮ ችግር ሁሉ ተጠራቅሞ የሚገኘው አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ሥር በምታልፍባት ቅጽበት ነው። በዶ-ሚ-ሶል መሐል ጣት ሶልን ይዞ ሳለ አውራ ጣት ላይኛው ዶ ላይ መድረስ አለባት፤ ርቀቱ አምስት ግማሽ ድምፅ ነው። ጀማሪው ክርኑን ወደ ውጭ ይገፋል፣ አንጓውን ያጣምማል፣ አውራ ጣቱም ቁልፉን እንደ መዶሻ ትመታለች። በርካሽ ኪቦርድ ላይ ደግሞ ቁልፉ በኃይል ቢመታም በቀስታ ቢነካም ድምፁ አንድ ስለሆነ ጥፋቱ አይሰማም፤ ሳይታረም ይደነድናል። አሁን ሜጀር ባቲን በቀኝ እጅ 1-2-1-2-3-1 ብላችሁ ሞክሩ። አውራ ጣት ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ዶ ታልፋለች፤ ሁለቱም ጊዜ የምትሻገረው አንድ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፣ ሰፊዎቹ ዝላዮች በተዘረጉት ጣቶች መካከል ቀርተዋል። ግራ እጅ ሲወርድም እንዲሁ አውራ ጣት ሲ እና ሚ ላይ ብትቀመጥ ማለፊያዋ ያው ግማሽ ድምፅ ይሆናል። ሜጀር ትዝታ በ1-2-3-1-2-1 ሲኬድ ማለፊያው ወደ ሦስት ግማሽ ድምፅ ያድጋል። አምባሰል ከዶ በዚሁ በ1-2-3-1-2-1 ሲሄድ ከላ ፍላት ወደ ዶ አራት ግማሽ ድምፅ ይሆናል፤ ሌባ ጣት ከፍ ያለው ጥቁር ቁልፍ ላይ ስለቆመ ግን ከሥሩ ለማለፍ ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ ነው አምስት ግማሽ ድምፅ የሚጠይቀው ዶ-ሚ-ሶል የሚመጣው። የተለመደው ትምህርት በስኬል ጎረቤት ቁልፍ ላይ ያሳለፋትን አውራ ጣት በአንድ ጊዜ ወደ አምስቱ ያዘልላታል፤ ቅኝቶቹ ግን በመካከል የጎደሉት የመሰላሉ ርብራቦች ናቸው።

«ታላላቆቹ ፒያኒስቶቻችን በአውሮፓ ዘዴ አልነበረም ወይ የተማሩት?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ከባድም ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ካይሮ በፖላንዳዊው ቫዮሊኒስት አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ሥር ተምረዋል። ከዚያ ግን እዚሁ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ግሸን ማርያም መንኩሰው አሥር ዓመት ያህል ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1967 የጀመሩትን ቀረጻ የሰማ ሰው ቀኝ እጃቸው የሚመላለሰው በእኛው ቅኝት መሆኑን ወዲያው ይለያል። ግርማ ይፍራሸዋም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በሶፊያ ተምሯል፤ የመጀመሪያ መሣሪያው ግን ክራር ነበር፣ ከፒያኖ ሥራዎቹም አንዱ «አምባሰል» ይባላል። ሁለቱም ቅኝትን ከፒያኖ ያገናኙት በራሳቸው ድካም ነው። በየመምህሩ እጅ ያለው የጀማሪ መጽሐፍ ያንን ድካም አልያዘም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ተማሪ ከባዶ ይጀምራል። አውሮፓም ቢሆን ዶን እንደ ሕግ አልያዘችውም። ሾፓን ተማሪዎቹን ያስጀምር የነበረው አምስት ጥቁር ቁልፍ ባለው በሲ ሜጀር ነበር፤ ረጃጅሞቹ ጣቶች በጥቁሮቹ ላይ፣ አጫጭሮቹ በነጮቹ ላይ ሲያርፉ እጅ በተፈጥሮው ይቀመጣል ብሎ ስላመነ ነው። እርሱ ከእጁ ቅርጽ ከተነሣ እኛም ከእጃችንና ከጆሯችን ብንነሣ ማንንም አንቃወምም።

ከሌላው ወገን የሚመጣው ክርክር «አዝማሪ ቁጥር ተምሮ ያውቃል? ጆሮ ይበቃል» ይላል። ይህ የራሳችንን ሙያ ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። ክራር ደርዳሪ እያንዳንዱን ጣት ለየራሱ ክር ይመድባል፤ ማሲንቆ መቺ በአንዲት ጭራ ላይ የትኛው ጣት የቱ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ዋሽንት ነፊም ያለ ጣት ሥርዓት አንድ ዜማ አይወጣለትም። ጆሮ ብቻ ይበቃል የተባለለት ኪቦርዲስት ግን ምን እንደሚያደርግ እናውቃለን። አምባሰልን ከሚ አንሥቶ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ቢል ነጭ ቁልፍ ብቻ ይበቃዋል፤ ዘፋኙ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ ትራንስፖዝ የሚለውን ይጫናል። በዚህ መንገድ ዓመታት ሠርቶ ጥቁር ቁልፍ ያልለመደ እጅ ይዞ ይቀራል፤ ትራንስፖዝ የሌለው እውነተኛ ፒያኖ ፊት ሲቀመጥ የሚያውቀው ዘፈን ሁሉ ይጠፋበታል።

የቅኝቶቹ ድምፅ በክራር ሲቃኝ ከፒያኖ እኩል ክፍፍል ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ነገር ግን ዶ-ሚ-ሶል ቢቀድም ያ ልዩነት አይጠብም። «የሰው እጅ ይለያያል፣ ቁጥር ማሰሪያ ነው» ለሚሉት መልሱ ምክንያቱን ማስተማር ነው። ተማሪው 5-4-2-1 እና 5-3-2-1ን እንደ ስልክ ቁጥር ማጥናት የለበትም። ዶ-ሚ-ሶል ሦስቱም ነጭ ስለሆኑ ግራ እጅ ቀለበት ጣትን እንደሚጠቀም፣ ሬ-ፋ ሻርፕ-ላ መካከሉ ጥቁር ስለሆነ ረጅሙ መሐል ጣት እንደሚሻል፣ አውራ ጣትም ባጭርነቷ ከጥቁር ቁልፍ እንደምትርቅ ከተነገረው ትንሽ እጅ ያለውም ሰፊ እጅ ያለውም የራሱን ይመርጣል። መምህር በሌለበት፣ በራያ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ባለው መንገድ ላይ ላለ ልጅ ይህን ሁሉ አንድ ወረቀት ይይዘዋል፦ ከላይ ባቲ፣ ቀጥሎ ትዝታ፣ ከዚያ አምባሰል ከነጥቁር ቁልፎቹና ከሚስማሙት ሁለት አርፔጅዮዎች ጋር፣ ከታች ዶ-ሚ-ሶል። በየመሥመሩ አውራ ጣት የምታልፍበት ቦታ ይሠመርበት፤ ተማሪውም በመጀመሪያ በሁለት ማለፊያዎች መካከል ያሉትን ድምፆች አንድ ላይ ተጭኖ እጁን ወደ ጎን ያዛውር፣ ከዚያ በኋላ ይዘርዝራቸው። የያሬድ መግቢያ ፈተና ዶ ሜጀርን ቢጠይቀው ለአምስቱ ግማሽ ድምፅ የተዘጋጀች አውራ ጣት ይዞ ይቀርባል።