የከፍታ በረራ ጉዳትና የአብራሪው ዝምታ

የጦር አውሮፕላን አብራሪ ለበረራ ብቁ መሆኑ የሚረጋገጠው በሁለት ነገሮች ነው፤ በየጊዜው በሚደረግለት የጤና ምርመራና እርሱ ራሱ ስለ ጤንነቱ በሚሰጠው ቃል። ሕመም ከተሰማው ይናገራል፤ ካልተሰማው ይበርራል። ይህ አሠራር ለብዙ ዓይነት በሽታ ይበቃ ይሆናል። ለከፍታ በረራ ግን አስተማማኝ መሠረት አይደለም። ምክንያቱም ከፍታ ቀድሞ የሚያዳክመው ጉዳቱን ሊገነዘብ የሚገባውን አካል፣ አንጎልን ነው።

የጉዳቱ መነሻ የአየር ግፊት መቀነስ ነው። ከባሕር ወለል 5,500 ሜትር ገደማ ላይ ግፊቱ በግማሽ ይቀንሳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እዚያም 21 በመቶ ያህል ነው፤ የሚጎድለው ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ደም የሚያሻግረው ግፊት ነው። ተጨማሪ ኦክስጅን የሌለው ሰው በ7,600 ሜትር ላይ በትክክል ማሰብና መሥራት የሚችለው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ በ10,700 ሜትር ላይ ይህ ጊዜ ወደ 30 ወይም 60 ሰከንድ ያጥራል። ከ19,000 ሜትር ገደማ በላይ ውሃ በሰው ገላ ሙቀት ይፈላል።

ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ከናይትሮጅን ነው። በደምና በኅብረ ሕዋሳት ውስጥ ሟሙቶ የሚኖረው ናይትሮጅን፣ ግፊቱ ሲቀንስ ክዳኑ ድንገት እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይፈጥራል። አረፋው በመገጣጠሚያዎች ላይ ሕመም፣ በሳንባ ላይ የትንፋሽ ማጠር፣ በአንጎል ላይ መደናገርና የእይታ መታወክ ሊያስከትል ይችላል።

የራስ ስሜት በከፍታ ላይ ምስክር ሊሆን እንደማይችል ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1875 ሦስት ፈረንሳውያን ዜኒት በተባለች ባሉን ከ8,000 ሜትር በላይ ወጥተው ነበር። ኦክስጅን ይዘዋል፤ ይሁን እንጂ ሊጠቀሙበት ባስፈለገ ጊዜ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። ሁለቱ ሞቱ። በሕይወት የተረፈው ጋስቶን ቲሳንዲዬ በኋላ እንደገለጸው፣ ራሱን ከመሳቱ በፊት የተሰማው ሥቃይ ሳይሆን ደስታ ነበር። ዛሬም አብራሪዎች በግፊት ማስመሰያ ክፍል ውስጥ የሚሠለጥኑት እያንዳንዱ የራሱን የኦክስጅን እጥረት ምልክት ለይቶ እንዲያውቅ ነው። ሥልጠናው ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን የሚያስተምረው ምልክት ያለውን ጉዳት ብቻ ነው።

ምልክት የሌለውን ጉዳት ያሳየው የዩ-2 አብራሪዎች ጥናት ነው። ይህ የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን ከ21,000 ሜትር በላይ ይበርራል፤ አብራሪው የግፊት ልብስ ይለብሳል፣ ከመነሣቱም በፊት ናይትሮጅኑን ከሰውነቱ ለማስወጣት ንጹሕ ኦክስጅን ይተነፍሳል። ሆኖም በአብራሪው ክፍል ውስጥ ያለው ግፊት ለረጅም ዓመታት በ9,000 ሜትር ገደማ ላይ ካለው ጋር እኩል ነበር፤ ይህም ከኤቨረስት ጫፍ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት 102 የዩ-2 አብራሪዎችን ከ91 አብራሪ ያልሆኑ ሰዎች ጋር በኤም አር አይ ምርመራ አነጻጸረ። በአብራሪዎቹ አንጎል ነጭ ክፍል ላይ የታዩት ነጠብጣብ ጉዳቶች በቁጥር ወደ ሦስት እጥፍ፣ በይዘት ወደ አራት እጥፍ በልጠው ተገኙ። ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ሌላው ግኝት ነው፤ ውጤቱ የግፊት መቀነስ ሕመም ታይቶባቸው በሚያውቁትና ጨርሶ ባልታየባቸው አብራሪዎች መካከል ልዩነት አልነበረውም። «ምንም አልተሰማኝም» ያለው አብራሪ እውነቱን ተናግሯል፤ አንጎሉ ግን ሌላ ነገር መዝግቧል።

በዚህ ላይ የአብራሪው ፍርሃት ሲጨመር ችግሩ ይከብዳል። ሕመሙን የሚናገር አብራሪ ከበረራ ይታገዳል፤ መታገድ ደግሞ ማዕረጉን፣ ገቢውንና በጓዶቹ ዘንድ ያለውን ክብር ይነካል። በኤፍ-22 ተዋጊ አውሮፕላን ላይ የታየው ይህንኑ ያስረዳል። አብራሪዎች የኦክስጅን እጥረት ምልክቶች እየታዩባቸው እ.ኤ.አ. በ2011 አውሮፕላኖቹ ለወራት ከበረራ ታገዱ፤ በ2012 ሁለት አብራሪዎች ችግሩን በቴሌቪዥን ይፋ አደረጉ። ደረትን የሚያስጨንቀው የግፊት ሰደርያ ቫልቭ ያለ ጊዜው ሰደርያውን እየነፋ አተነፋፈስን እንደሚገታ ተደረሰበት። ከበረራ በኋላ የሚመጣው ሳል ግን በአብራሪዎቹ ዘንድ ስም ወጥቶለት እንደ ተራ ነገር ተቆጥሮ ነበር። ለሕመም ስም አውጥቶ አብሮ መኖር የዝምታ ሌላ መልክ ነው።

በእነዚህ ማስረጃዎች ላይ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። የአንጎል ነጠብጣቦቹ በሽታ መሆናቸው አልተረጋገጠም፤ አብራሪዎቹም ሥራቸውን በብቃት ይሠሩ ነበር፤ ሁሉንም መመርመር ደግሞ በብዙ ወጪ የሠለጠኑ ሰዎችን ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው። ሆኖም በቀጣዩ ዓመት የታተመ ጥናት የዩ-2 አብራሪዎች በአንዳንድ የማስታወስና የማመዛዘን ፈተናዎች ዝቅ ያለ ውጤት ማስመዝገባቸውን፣ ይህም ከነጠብጣቦቹ ጋር መያያዙን አሳይቷል። የማሰናበት ስጋት ደግሞ ምርመራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ የምርመራው ውጤት ለማገጃ እንዳይውል ሥርዓት ለማበጀት ግን በቂ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ሊሆን ይገባል። አንደኛ፣ ሰውን ከማስተካከል በፊት አውሮፕላኑን ማስተካከል ነው፤ የዩ-2 አብራሪ ክፍል ግፊት ወደ 4,600 ሜትር ገደማ ከፍታ እንዲወርድ ተደርጎ መሻሻሉ ይህ የሚቻል መሆኑን ያሳያል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ አብራሪ ሥልጠና ሲጀምር የአንጎል ምስልና የአስተሳሰብ ፈተና ውጤት ይመዝገብለት፤ መነሻው ያልታወቀ ለውጥ ሊለካ አይችልምና። ሦስተኛ፣ ሕመምን መናገር ቅጣት አይሁን።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ባዕድ አይደለም። ከቢሾፍቱ የሚነሡት የአየር ኃይሉ ሱ-27 አውሮፕላኖች እነዚህ አደጋዎች ወደሚጀምሩበት ከፍታ በቀላሉ ይደርሳሉ። «የደጋ ሰው ከፍታን ለምዶታል» የሚለው አስተሳሰብም ሊያዘናጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች የደማቸው ኦክስጅንና ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ከሚኖሩት ጋር የተቀራረበ መሆኑን ማግኘቱ እውነት ነው። ነገር ግን ይህ መላመድ በ10,000 ሜትር ላይ ካለው አየር አያድንም፤ አረፋውንም አያግድም። በደጋ የሚኖር አብራሪ በሰውነቱ የሚሸከመው ናይትሮጅን በመጠኑ ያነሰ ይሆናል፤ ያነሰ ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ በመላምት ሳይሆን በልኬት ሊታወቅ ይገባል። የሕክምና ትምህርት ክፍሎችና የአየር ኃይሉ ሐኪሞች በጋራ ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ ነው።

አውሮፕላን ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ በመሣሪያ ይፈተሻል፤ አውሮፕላኑ ደኅና መሆኑን ራሱ እስኪናገር የሚጠብቅ መካኒክ የለም። ለአብራሪው አንጎል ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ አይሆንም።