ሽምግልናውን ለምን እምቢ አልኩ?

ትናንት ማታ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ቤቴ ድረስ መጥተው «ነገ ጠዋት ከኛ ጋር ጣቢያ ትሄዳለህ» ሲሉኝ «ይቅርታ አባቶቼ፣ አልሄድም» አልኳቸው። ከዛ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ኮራብን»፣ «ወገኑን ከዳ»፣ «ለፖሊስ አደረ»... ለያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የልጁ እናትም ቢሰሙት ደስ ይለኛል፤ አጠገባቸው ያላችሁ አንብቡላቸው።

ላልሰማችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ አንድ የሰፈራችን ልጅ ሠርግ ውሎ ባጃጁን እየነዳ ሲመጣ ሸዋሮቢት ዋናው አስፋልት ላይ ትራፊክ አስቆመው። ጠጥቷል። እሱም አልካደም። «ውረድ፣ ቁልፉን ስጠኝ» ሲባል አልሰጥም አለ። ክንዱን ሲይዘው ገፈተረው፤ ትራፊኩ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ሌሎች ፖሊሶች መጡ፣ ትግል ሆነ። ዙሪያውን የቆመው ጎረምሳ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ «እንዳትሰጥ! ወንድ አይደለህ እንዴ!» ይላል። አሁን ልጁ ታስሯል። «ወንድ አይደለህ እንዴ» ባዩ ግን ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ቪዲዮውን ያሳያል። ለኔም አሳይቶኛል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕጉን ግን ማንበብ እችላለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርገው ነው የያዙት። ሰው ሳይጎዱ ጠጥቶ መንዳት የትራፊክ ደንብ ጉዳይ ነው። መቀጮ አለው፣ መንጃ ፈቃድ ላይም ያርፋል። ያማል፣ ግን ያልፋል። ሥራውን የሚያከናውን ፖሊስን በኃይል መቃወም ግን የወንጀል ሕግ ጉዳይ ነው፤ እስራት ያስከትላል። ፖሊሱ ከቆሰለ ደግሞ የአካል ጉዳቱ ራሱን የቻለ ክስ ይሆናል። በአንድ ግፊያ ከመቀጮ ወደ ተደራራቢ ክስ ማለት ነው።

አንተ «እንዳትሰጥ» ያልከው ጎረምሳ፣ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 36 ፈልገህ አንብብ። ሌላውን ሰው ወንጀል እንዲሠራ የሚያነሳሳም ተጠያቂ ነው ይላል። ያ የምትኩራራበት ቪዲዮ ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ቢመኘው የማያገኘው ማስረጃ ነው። ጓደኛህን በገዛ ስልክህ ነው የከሰስከው።

ሽማግሌዎቹ የያዙት ዋና መከራከሪያ «ጠጥቶ ነው፣ አላወቀም» የሚል ነው። አባቶቼ፣ እሱን ነገር እባካችሁ ተዉት! የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 50 እያወቀ ራሱን በመጠጥ ያደነዘዘ ሰው ስካሩን መሸሸጊያ እንዳያደርገው ይከለክላል። መንጃ የያዘ ሰው ደግሞ ሲጠጣ እንደሚነዳ ያውቃል። ሕጉ መጠጥን እንዴት እንደሚያይ ማወቅ የፈለገ አንቀጽ 543ን ይመልከት። በቸልተኝነት ሰው የገደለ በመነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ነው ወይም መቀጮ። መጠጥ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ ራሱን በዛ ሁኔታ ላይ የጣለ ከሆነ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው፤ ከ10,000 እስከ 15,000 ብር መቀጮም አለው። እና እናንተ ገላጋይ ብላችሁ ያመጣችሁት መጠጥ ሕጉ ፊት ከሳሽ ነው።

መንገዳችንን ደግሞ እናውቀዋለን። ከጣርማበር በደብረ ሲና ቁልቁለት የወረደው ከባድ መኪና ሁሉ ወደ ደሴ የሚያልፈው በከተማችን መሐል ነው። ሰው፣ አህያ፣ ግመል፣ ባጃጅ፣ ተማሪ፣ ሁሉም አንድ አስፋልት ላይ ነው። ያ ትራፊክ ቅዳሜ ማታ ባያስቆመው ዛሬ የምናወራው ስለ ግፊያ ሳይሆን ስለ ለቅሶ ሊሆን ይችል ነበር።

«ፖሊስስ ቅዱስ ነው ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። አላልኩም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ የይፋት ሰው «ቁም» ሲባል ምን እንደሚሰማው ከማንም አላንስም፤ ኬላ ላይ ልቤ ይመታል። ግን እኮ ለዚሁ ነው የምጮኸው! በጨለማ፣ ሰክሮ፣ ጠብመንጃ የያዘ ሰው ባለበት መታገል ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 56 ተያዡ በኃይል ከተቃወመ ፖሊስ ተመጣጣኝ ኃይል እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ስትገፋው ያንን በር የምትከፍትለት አንተ ነህ። ደግሞ «ተመጣጣኝ» ነው የሚለው። እጁ ከታሰረ በኋላ የሚያርፍ ዱላ ሕግ ማስከበር አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር መደረጉን ካየሁ እዚሁ ገጽ ላይ የመጀመሪያው ጸሐፊ እኔ ነኝ።

የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ ለተያዘ ሰው መብት ሰጥቷል። ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ዝም ማለት ይችላል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ዋስትናም መጠየቅ ይችላል። ልጁ ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ ከተያዘ 48 ሰዓቱ ዛሬ ማታ ይሞላል። ትናንት ቤቴ ከመጡት መሐል «መቼ ፍርድ ቤት ይቀርባል? ዋስ ማን ይሁነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። «አዛዡን እናግባባው» ነው ወሬው ሁሉ። መብታችንን ትተን ምሕረት እንለምናለን፤ ከዛ ደግሞ መብት የለንም ብለን እናለቅሳለን።

ሽምግልናን አልናቅኩም። በኛ አገር ቄሱም ሼኹም አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስንት ደም አድርቀዋል። ግን ይሄ የሁለት ጎረቤት ጠብ አይደለም። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ አዛዡ «ትቼዋለሁ» ስላለ የሚዘጋ ፋይል መሆን የለበትም። ዛሬ ለኛ ልጅ በጓሮ ከተዘጋ ነገ ልጃችንን ለገጨ ሰካራምም በዛው ጓሮ ይዘጋል። የወደቀውን ትራፊክ ይቅርታ ለመጠየቅ፣ ለማሳከም፣ ለመካስ ከሆነ ግን ከፊት እሰለፋለሁ። ሕጉም ከልብ መጸጸትንና መካስን በቅጣት ማቅለያነት ያያል። እሱ ነው የሽማግሌ ሥራ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔም ከዓመታት በፊት ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ አውቃለሁ። ቁልፉን ሰጠሁ። ተቀጣሁ፣ አፈርኩ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ማንም «ወንድ ነህ» አላለኝም፤ ማንም ስንቅ አላመላለሰልኝም።

ሸዋሮቢት ሲባል አገሩ ሁሉ ቶሎ የሚያስታውሰው ማረሚያ ቤቱን ነው። እስረኛ ከየአቅጣጫው ሲመጣ እያየን ያደግን ልጆች በአንድ ቁልፍ ምክንያት ከግንቡ ወዲያ ማደር የለብንም። ከጠጣህ ቁልፉን ለጓደኛህ ስጥ። ነድተህ ከተያዝክም ለትራፊኩ ስጥ። ክርክርህን ለዳኛ አስቀምጠው።

ከሰዓት በኋላ ጣቢያ እሄዳለሁ፤ ለልመና አይደለም። ምሳ ይዤለት፣ መቼ እንደሚቀርብ ልጠይቅ። ለጠበቃና ለዋስትና መዋጮ የምትችሉ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። እናንተም አባቶቼ፣ ተቀይማችሁ ካልሆነ አብረን እንሂድ።