ናፍጣ አቧራ ይጠራል
ከሞያሌ ገበያ ስንመለስ፣ ከአስፋልቱ ወጣ ባልን ቁጥር ቀዩ የቦረና አቧራ የመኪናችንን ፓራውልትና የስፖኪዮ ፕላስቲክ ያለብሰዋል። ብዙዎቻችንም አጣቢውን «ናፍጣ ቀባ አድርግበት» እንለዋለን። ለአንድ ቀን ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል፤ በማግስቱ ግን ቅባቱ አቧራውን ይዞ ይጋገራል። በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግም አይበጅም፤ አሸዋው ጭረት ያወጣበታል።

ናፍጣው ይቅርብን። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እናራግፍ፣ በሳሙና ውሃ እንጠበው፣ ጥላ ውስጥ እናድርቀው። የፕላስቲክ ማሳመሪያ ከቀባንም በስሱ ይሁን፤ ትርፉን በንጹሕ ጨርቅ እንጥረገው።

ሞያሌ ላይ ውሃ በጀሪካን እንደሚገዛ እናውቃለን። ለፕላስቲኩ ግን ግማሽ ባልዲ ይበቃል። መኪናው ነገ ለሽያጭ ይቀርባል፤ ቅባትና አቧራ የተጋገረበትን ፓራውልት ያየ ገዢ ሞተሩንም ይጠረጥራል። ያኔ ዋጋ የሚቆረጠው ከእኛ ነው።