በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሣት

ዲጂታል ካሜራ ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ዘወትር የሚያቀርቡት ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ሜጋፒክስል ያለው ይሻላል?» ይላሉ። ጥያቄው መጥፎ ባይሆንም የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን አይገባውም። የእርሻ በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ገበሬ አስቀድሞ የሚመለከተው የቀንዱን ማማር ሳይሆን ትከሻውን ነው። ካሜራ የሚገዛም ሰው አስቀድሞ «የማነሣው የት ነው? በዚያስ ቦታ ብርሃኑ ምን ያህል ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። በጠራራ ፀሐይ የማያምር ካሜራ የለምና፤ የካሜራውም የአንሺውም ልክ የሚታወቀው ብርሃን ሲያንስ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ፈተና በአገራችን ከይምርሐነ ክርስቶስ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ቦታው ከላሊበላ ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፣ በጥድ ደን መካከል ይገኛል። በዋሻው ውስጥ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው ከዛጔ ነገሥታት አንዱ የሆነውና ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው ይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ሆነ ይነገራል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ሲሆኑ ይህኛው ግን በአክሱማውያን ጥበብ እንጨትና ድንጋይ በየተራ እየተነባበረ የታነጸ ነው፤ እንዲህ ያለው አሠራር በትግራይ በደብረ ዳሞም ይታያል። የድንጋዩ ረድፍ በነጭ ልስን ተሸፍኗል፤ የእንጨቱ ረድፍ ጠቍሯል። ስለዚህ ሕንፃው ከፊት ለፊት ሲታይ ጥቁርና ነጭ ሆኖ የተሸመነ ልብስ ይመስላል።

ከበላዩ የዋሻው ጣራ አለ፤ በዋሻው አፍ ላይ በኋላ ዘመን የተሠራ ግንብ አለ፤ በመስኮቶቹም ላይ ጥልፍልፍ ጌጥ አለባቸው። ብርሃን ወደ ውስጥ የሚደርሰው ይህን ሁሉ አልፎ ነውና እንግዳው ከደጁ ገብቶ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ጥቂት መቆም ይኖርበታል። ካሜራው ግን እንደ ዓይን የመልመድ ጸጋ አልተሰጠውም። የሚያስፈልገውን ብርሃን እኛ ልንሰጠው ይገባል።

ብርሃን የምንሰጥበት መንገድ ሦስት ነው፤ የሌንሱን ቀዳዳ ማስፋት፣ መዝጊያውን ዘግየት አድርጎ መክፈት፣ አይ.ኤስ.ኦ. የሚባለውን የስሜት መጠን ከፍ ማድረግ። ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ። ቀዳዳው ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት ያጥራል፤ መዝጊያው ሲዘገይ እጅ ይንቀጠቀጥና ሥዕሉ ብዥ ይላል፤ አይ.ኤስ.ኦ. ሲጨምር በፎቶግራፉ ላይ እንደ አሸዋ ያለ ነቍጥ ይበተናል።

ከሦስቱ በገንዘብ ሊገዛ የሚገባው የመጀመሪያው ነው። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ተራ ሌንስ ወደ ሩቅ ሲያቀርብ ቀዳዳው ብዙ ጊዜ ከኤፍ 5.6 አይሰፋም። ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ግን ከእርሱ ወደ 10 እጥፍ የሚሆን ብርሃን ያስገባል። ይኸውም ተራው ሌንስ የሴኮንድ 1/6ኛ በሚጠይቅበት ስፍራ ሰፊው በ1/60ኛ ያነሣል ማለት ነው። በ1/6ኛ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ጥቂት ነው፤ በ1/60ኛ ግን ትንፋሹን የያዘ ሁሉ ይችለዋል። ካኖንም፣ ኒኮንም፣ ሶኒም 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሆነ ሌንስ ከሌሎቹ ሌንሶቻቸው ጋር ሲተያይ በርካሽ ይሸጣሉ። የካሜራው ሴንሰር አነስተኛ የሆነ እንደ ሆነ ግን 50ው በጠባብ ቤት ውስጥ በጣም ያቀርባልና 35 ሚሊ ሜትሩ ይመረጣል። ስለዚህ ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው አሮጌ ካሜራና ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሌንስ ቢይዝ፣ አዲስ ካሜራና ተራ ሌንስ ከያዘው ጓደኛው ይልቅ በዚህ ዋሻ ውስጥ ተደስቶ ይወጣል።

በቀዳዳው ስፋት ምክንያት የሚመጣውን የጥራት ማጠር በአቋቋም ማስተካከል ይቻላል። የግድግዳ ሥዕል ሲያነሡ ካሜራውን ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርገው በቀጥታ ይቁሙ፤ ሥዕሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይጠራል። ከጎን ሆነው ካነሡት አንዱ ቅዱስ ጠርቶ ሌላው ይደበዝዛል።

ስልክ ብቻ የያዘ አንባቢ ተስፋ አይቍረጥ። የዘመኑ ስልኮች የሌሊት ማንሻ ዘዴ አላቸው፤ ብዙ ፎቶግራፎችን በተከታታይ አንሥቶ ወደ አንድ የሚያዋህድ ነው። ክርንን በጎን አጣብቆ ለሁለት ወይም ለሦስት ሴኮንድ ጸጥ ማለት ይበቃል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ለማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ለግድግዳና ለጣራ ጌጥ ይሆናል፤ ከበሮ ለሚመታ ዲያቆን አይሆንም።

ብዙ ሰው ጨለማ ሲያይ የሚቸኩለው ወደ ፍላሽ ነው። ፍላሽ ግን በዚህ ቦታ አይረዳም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ክፍል እንደምናስተምረው የብርሃን ኀይል በርቀቱ ስኩዌር መጠን ይቀንሳል። በ2 ሜትር ላይ ያለ ዓምድ የሚያገኘው ብርሃን በ6 ሜትር ላይ ያለው ግድግዳ ከሚያገኘው 9 እጥፍ ይበልጣል። ውጤቱም የነጣ ዓምድና ከኋላው ጥቁር ገደል ነው። በአየሩ ያለው አቧራና የዕጣን ጢስም ብርሃኑን መልሶ ወደ ሌንሱ ይወረውረዋል። አንድ የፍላሽ ብልጭታ በሥዕሉ ቀለም ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሰዎች እንደሚያወሩት ከባድ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በጸሎት ላይ ያለን ሰው ዓይን ማስደንገጥ ብቻውን ለመከልከል በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የብርሃን መለኪያው ነው። የካሜራው መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ እንደ ሆነ አድርጎ ይገምታል። ወደ ነጩ ልስን ቢያነጣጥሩት ነጩን አመድማ ያደርገዋል፤ ወደ ጥቁሩ እንጨት ቢያነጣጥሩት ጥቁሩን ያገረጣዋል። ሕንፃው ጥቁርና ነጭ በየተራ ስለ ሆነ ክንድ ታህል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ባሉ ቍጥር መለኪያው ሐሳቡን ይለውጣል። መድኀኒቱ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ለክቶ ልኩን በእጅ ማሰርና ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ አለመንካት ነው።

ይኸው ነገር ሰውን ስናነሣም ያጋጥመናል። ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት ወይም ነጭ ጥምጥም የጠመጠመ ቄስ ሲነሡ መለኪያው በልብሱ ንጣት ተታልሎ ፎቶግራፉን ያጨልመዋል፤ ልብሱ አመድ መስሎ ፊቱ ከናካቴው ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ልኩን ከፊቱ ላይ መውሰድ፣ ወይም ማካካሻውን በ1 ደረጃ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ከልብሱ ጥቂት ዝርዝር ቢጠፋ ይጥፋ፤ የሰው መታወቂያው ፊቱ ነው።

የቀለሙም ነገር አለ። ከውጭ የሚገባው የቀን ብርሃን ወደ 5,500 ኬልቪን ሲሆን የጧፍ ብርሃን ከ2,000 ኬልቪን ብዙም አይርቅም፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሁለተኛው ብጫ ያመጣል። አስጎብኚው የእጅ ባትሪ ሲያበራ ደግሞ ሦስተኛ ይጨመራል። ስለዚህ ከተቻለ በአንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ያንሡ፤ ፋይሉንም ራው በሚባለው ዓይነት ያስቀምጡ። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲይዝ ባለ14 ቢት ራው 16,384 ደረጃ ይይዛል፤ የተሳሳተውን ቀለም ቤት ገብቶ ለማቃናት ሰፊ ቦታ ይሰጣል። በዳገቱ ብርድ ባትሪ ቶሎ ይደክማልና መለዋወጫውን በደረት ኪስ ይያዙ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚህ ቤተ ክርስቲያን ያሉት የግድግዳ ሥዕሎች በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት መካከል ናቸው፤ ዕድሜም አደብዝዟቸዋል። እንዲህ ላለ ነገር ፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ምስክር ነው። የስዊስ ተወላጁ ጌኦርግ ጌርስተር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ስለ ኢትዮጵያ የአለት አብያተ ክርስቲያናት መጽሐፉን ሲያሳትም፣ በ2008 በላሊበላ ሥራቸው የተጠናቀቀው ትልልቅ መጠለያዎች ገና አልነበሩም፤ ያን ጊዜ ሥፍራው ምን ይመስል እንደ ነበር ዛሬ ለማየት የሚፈልግ ሰው ወደ እንዲህ ያሉ ፎቶግራፎች ይመለሳል። ማይክል ጄርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ የተባሉ ሊቃውንትም በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» የሚባል የኢትዮጵያ ሥዕልና ቅርስ የፎቶግራፍ መዝገብ አቋቍመዋል።

የእኛም ፎቶግራፍ እንደ ዐቅሙ እንዲመሰክር ከተፈለገ መዋሸት የለበትም። በስልክ ያለው ማስዋቢያ የደበዘዘውን ቀይ ደም አስመስሎ ሲያደምቀው ለጓደኛ ማሳያ ያምር ይሆናል፤ ከ50 ዓመት በኋላ ግን ሥዕሉ ምን ያህል እንደ ለቀቀ ለማወቅ የሚሻውን ሰው ያሳስተዋል። ስለዚህ ያማረውን ለብቻ ያስቀምጡ፤ ያልተነካውን ዋናውን ቅጂ ከቀኑና ከቦታው ጋር በሁለት የተለያዩ ስፍራዎች ይጠብቁ። የካሜራውን ሰዓትና ቀን ከጉዞ በፊት ማስተካከልም አንድ ሳንቲም አያስወጣም።

ምስክርነት ግን ወሰን አለው። ወደ መቅደሱ ማንጋጠጥ፣ ታቦት ሲወጣ ሌንስ ማነጣጠር የአማኙን ልብ ያቈስላል። በዋሻው ጀርባ የብዙ ሰዎች ዐፅም አርፏል፤ አንዳንድ እንግዳ በዚያ አጠገብ ቆሞ እየሳቀ ራሱን ሲያነሣ ይታያል። የራሳችን አያት ባረፉበት የማናደርገውን በሌላው አያት ላይ ማድረግ ነውር ነው። ባለሦስት እግር ማቆሚያ ለመትከልም ሆነ ማንንም ሰው ለማንሣት አስቀድሞ አባቶችን ማስፈቀድ ይገባል። «አይሆንም» ከተባለ ካሜራውን ወደ ቦርሳው መመለስ ነው፤ ዓይን መቼም አልተከለከለም።

በመጨረሻ አንድ ዕዳ አለብን። ወደ ላስታ የሄደ ካሜራ ያዥ ሁሉ የካህናቱን፣ የመነኰሳቱን፣ የሕፃናቱን መልክ ይዞ ተመልሷል፤ የገዛ ፎቶግራፉ የደረሰው ሰው ግን ጥቂት ነው። በ2020 የመጣው ወረርሽኝና ከዚያ የተከተለው ጦርነት የእንግዳውን እግር ባሳጠረበት አገር ይህ ይበልጥ ይሰማል። የመንገዱን ደኅንነት ጠይቆ፣ የአካባቢውን አስጎብኚ ቀጥሮ፣ ተገቢውን ከፍሎ መሄድ አንድ ነገር ነው። ከተመለሱ በኋላ ደግሞ ከፎቶግራፎቹ መካከል ሁለት ሦስቱን በወረቀት አሳትመው፣ በጀርባቸው ቀኑን ጽፈው፣ ወደዚያው ለሚሄድ ሰው አደራ ይስጡ። ስልክ ይሰበራል፤ ሜሞሪ ካርድም ይጠፋል። በአንድ የላስታ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የወረቀት ፎቶግራፍ ግን ከአባት ለልጅ ይተላለፋል።