ቀይ ቀበሯችንን ተኩላ አትበሉብኝ

በቀደም አንድ የድሮ ተማሪዬ ከመካነ ሰላም በውስጥ መስመር ጽሑፍ ላከልኝ። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ላሉ ገበሬዎች የሚነበብ ነው፤ ከእንግሊዝኛ የተረጎመው እሱ ራሱ። «ቲቸር፣ እስቲ አማርኛውን ይዩልኝ» ይላል። ገና ርዕሱ ላይ ቆምኩ፦ «የኢትዮጵያን ተኩላ እንጠብቅ!»

ጎበዝ፣ እረኛ ፊት ቆሞ ይህን የሚያነብ ሰው ማን ይሰማዋል? ተኩላ እኮ በኛ አፍ የበግ ለምድ ለብሶ የሚመጣው ነው።

ልጁ ላይ ግን አልፈርድም። እንግሊዝኛው «ኢትዮፒያን ዎልፍ» ነው የሚለው። ፎክስ ማለት ቀበሮ፣ ዎልፍ ማለት ተኩላ እያልኩ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ! ጥፋቱ የኔም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጆቹም ድሮ ይህን እንስሳ «ሲሜን ፎክስ» ይሉት ነበር፤ ቀይ ፀጉሩንና ሹል አፍንጫውን አይተው መሰለኝ። ጃካል ያሉትም ነበሩ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የዘር ምርመራ ሲደረግ ለዎልፍ እንደሚቀርብ ታወቀ፣ ዎልፍ የሚለው ስምም ጸና። ለነሱ ልክ ነው፤ ፎክስና ዎልፍ የተለያዩ ወገኖች ናቸው።

የኛ «ቀበሮ» ግን መቼ ፎክስ ብቻ ሆኖ ያውቃል? ማታ ማታ የሚጮኸውን፣ ግልገል የሚነጥቀውን ተራውንም ቀበሮ ነው የምንለው። እንግሊዝኛው እሱን ጃካል ይለው ነበር። ይባስ ብሎ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጥናት ወዲህ የአፍሪካውን እሱንም ዎልፍ ይሉት ጀመር። እነሱ ስም በቀየሩ ቁጥር እኛም ልንቀይር ነው?

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ያደጉት ቢቆጠሩ 500 ገደማ ቢሆኑ ነው። ምግቡ በአብዛኛው የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው። አልፎ አልፎ ግልገል ይነካል፤ አይነካም ብዬ አልዋሽም። ክፉኛ የሚፈጀው ደግሞ ከውሾቻችን የሚጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ለእረኛው መነገር ያለበት ዋናው ነገር «ውሻህን አስከትብ» የሚለው ነው። በተኩላ ከተጀመረ ግን እዚያ ሳይደረስ ሰው አቧራውን አራግፎ ይሄዳል።

«ቀይ ቀበሮ ብለህ አስተካክል» አልኩት።

«እንግሊዝኛውስ ቲቸር?»

«እሱ ዎልፍ እንዳለ ይቀመጥ፣ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው።»

ትናንት አስተካክሎ ልኮልኛል። የውሻ ክትባቱንም ከመጨረሻው አንቀጽ አንስቶ መጀመሪያ ላይ አምጥቶታል።