ከከተማ ወጥተን ቤት ስንመርጥ የሚውልበትን ሰው ማን ጠየቀው?

ደላላ ቤት የሚያሳየው እሁድ ነው። እሁድ ጠዋት ከሳሪስ በቃሊቲ አድርጎ ገላን ለመድረስ የሚያስቆም ነገር የለም፤ የጂቡቲው ተሳቢ ቀንሷል፣ የታክሲ ሰልፉም ተበትኗል። ደላላው ሰዓቱን እያሳየ "ይኸው፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም" ይላል። አልዋሸም። ሚስት ግቢውን፣ ባል መኪና ማቆሚያውን፣ ልጆች የሚሮጡበትን ሣር ያያሉ፤ ቀብዱም እዚያው ይከፈላል። ያንኑ መንገድ ሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚያሳይ ደላላ እስካሁን አልገጠመኝም።

አዲስ አበባ ውስጥ ኪራይ አልቀመስ ካለ ሰነባብቷል። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት መካከል በዚያው ዓመት የተወለደ ልጃቸው ለሚኒስትሪ ፈተና ደርሶ እነሱ ገና ዕጣ የሚጠብቁ አሉ። መሃል ከተማው በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ሲነሳ ደግሞ ሰው ወደ ዳር መውጣቱ ተፋጠነ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ገላን፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ የሚሉት ስሞች ዛሬ የወጣት ባልና ሚስት የማታ ወሬ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ዱከምና ቢሾፍቱ ራቅ ይላሉ፤ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

በዚህ የማታ ወሬ ላይ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ኪሎ ሜትሩንና ኪራዩን የሚያሰላው፣ ታክሲ ስንት ጊዜ እንደሚቀየር የሚቆጥረው በየዕለቱ ወደ ከተማ የሚመላለሰው ሰው ነው። አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው። እሱ ግን በሚመረጠው ሰፈር የሚያድር እንጂ የሚውል አይደለም። ጨለማ ሳይገፍ ወጥቶ ከመሸ ይመለሳል። ውሃ የሚጠፋበትን ማክሰኞ፣ መብራት የሚሄድበትን ሐሙስ፣ ልጅ የሚያተኩስበትን ረቡዕ የምታየው ሚስቱ ናት፤ ወይም እናቱ፣ ወይም ልጆቹን የምትይዘው ዘመድ። ውሳኔው የሚሰጠው በሚያድረው ሰው ልክ ነው፤ ኑሮው የሚኖረው ግን በሚውለው ሰው ትከሻ ላይ ነው።

ሂሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል። ቦሌ ላይ አንድ መኝታ በሚያስከራይ ገንዘብ ዱከም ላይ ግቢ ያለው ቤት ይገኛል። ይሁንና ልዩነቱ አይጠፋም፤ ከኪራይ ላይ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይቀመጣል። የመጀመሪያው መንገድ ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከከተማ ውጪ የሚኖር ሠራተኛ ወር በገባ ቁጥር አዲስ ሂሳብ መሥራት ግድ ሆኖበታል። ማታ ማታ ታክሲዎች ታፔላቸው ላይ የተጻፈውን መንገድ ቆርጠው ስለሚጭኑ ለአንድ ጉዞ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። መሥሪያ ቤታቸው ሰርቪስ ያለው ሰዎች ከዚህ ይተርፋሉ፤ ቤት ሲመርጡም ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ሰርቪሱ የት ድረስ እንደሚሄድ ነው። ብልህነት ነው፤ ግን እሱም የሚያድረውን ሰው ብቻ የሚያገለግል ብልህነት ነው። ሥራ የለቀቀ ቀን ሰርቪሱ አብሮ ይቀራል፣ ቤቱ ግን እዚያው ነው።

ሁለተኛው ልዩነት የሚከፈለው በልጆች እንቅልፍ ነው። ብዙ ቤተሰብ መኖሪያውን ይቀይርና ትምህርት ቤቱን አይቀይርም። "እስኪለምዱ" ይባላል። ልጁ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተቀስቅሶ፣ ዩኒፎርሙን ግማሽ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ለብሶ፣ ቁርሱን በምሳ ዕቃ ይዞ መኪና ውስጥ ይተኛል። ማታ አባቱ ከሥራ እስኪወጣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ወይም አክስቱ ቤት ይጠብቃል። ግቢው የተከራየው ልጆቹ እንዲሮጡበት ነበር፤ የሚሮጡበት ግን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይሆናል። ይህን የሚያደርጉ ወላጆችን አልወቅስም፣ ምክንያት አላቸው። የአንደኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍት በየክልሉ የሚዘጋጁ ናቸው፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናም እንዲሁ። ኦሮሚያ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ደረጃ ዋናው የማስተማሪያ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች ያሉባቸው ከተሞች አሉ፣ በሁሉም ሰፈር ግን አይገኙም። ስለዚህ 7ኛ ክፍል ላይ ያለን ልጅ ማዛወርና ገና መዋዕለ ሕፃናት የሚገባን ልጅ ማዛወር ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለትንሹ እንዲያውም ሲሳይ ነው፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጫወተ በአንድ ዓመት ሁለት ቋንቋ ይዞ ይወጣል። ለትልቁ ግን ከፈተናው በፊት ባይነቃነቅ ይሻላል። የቤተሰቡን የመውጫ ዓመት መወሰን ያለበት የኪራይ ጭማሪው ሳይሆን የትልቁ ልጅ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ዕድር ነው። ሰው ወደ ዳር ሲወጣ የድሮ ሰፈሩን ዕድር አይለቅም፤ ለምን ይልቀቅ፣ ስንት ዓመት ከፍሎበታል። ዕቁቡም፣ ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም እዚያው ነው። ዕድር ግን የወር መዋጮ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት የሚተዋወቅበት መዝገብ ጭምር ነው። ለገጣፎ የምትውል እናት ዕድሯ ጉለሌ ከሆነ፣ ልጇ ድንገት ሲታመም በሯን የምታንኳኳበት ቤት የላትም። ባጃጅ ደግሞ በብዙ ሰፈር ሲመሽ አይገኝም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ተረት የሚፈተነው እንዲህ ያለው ሌሊት ላይ ነው። በገቡ በወሩ የአካባቢውን ዕድር መግቢያ የሚከፍሉ ቤተሰቦች ቶሎ ሲደላደሉ አይቻለሁ፤ የድሮውን ሳይለቁም ቢሆን። መሸኛ አውጥቶ መታወቂያ ማዛወርም ከዚሁ ጋር ነው የሚሄደው። ለወረዳ ወረፋ የተሰላቸ ሰው መሸኛውን ዓመት ሙሉ ያቆየዋል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ግን ከመኖሪያ ወረዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ሕመም የመጣ ቀን ካርዱ የሚሠራው ጠዋት በታክሲ በሚደረስበት የድሮ ወረዳ ይሆናል።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር፤ ብዙ አንባቢ እንደማይስማማ አውቃለሁ። ቤተሰብ ቀን ቀን ቤት የሚውል ሰው ካለው፣ ቅርብ ካለ የማደሪያ ሰፈር ይልቅ ራቅ ብሎ የራሱ ሕይወት ያለውን ከተማ ይምረጥ። ለገጣፎ ከቢሾፍቱ በግማሽ መንገድ ይቀርባል። ከአዲሶቹ ሰፈሮች በብዙዎቹ ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ የሚታየው ዘበኛና የግንባታ ሠራተኛ ነው፤ ሐኪም ቤቱም፣ ባንኩም፣ ትልቁ ገበያም ወደ አያት መመለስን ይጠይቃል። ቢሾፍቱ አዲስ አበባን ሳትጠብቅ ያደገች ከተማ ናት። የአየር ኃይል ዋና ሠፈር፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ፣ በሐይቆቹ ዙሪያ የተሰለፉት ሆቴሎች፣ የራሷ ሆስፒታልና የራሷ ገበያ አላት። እዚያ የምትውል ሴት ሥራ ልትፈልግ፣ ሱቅ ልትከፍት፣ ልጇን በእግሯ ትምህርት ቤት ልታደርስ ትችላለች። ፋብሪካዎቿንና የማየት የተሳናቸውን ትምህርት ቤት የያዘችው ሰበታ፣ የግብርና ምርምር ማዕከል ያለባት ሆለታም በመጠኑ እንዲሁ ናቸው። አባት በየቀኑ ተጨማሪ መንገድ ይሄዳል፤ አዎ፣ ይሄዳል። እሱ ሲደክም ሌሎቹ ሦስትና አራት ሰዎች ቀናቸውን ያገኛሉ።

ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሂዱና አንድ ሻይ ጠጡ። ሱቅ በራፍ ላይ ሰው አለ? ተማሪዎች ለምሳ በእግራቸው ሲመለሱ ይታያሉ? ስለ ውሃ አከራዩን አትጠይቁት፤ ባለሱቁን ጠይቁት፤ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣና ቦቴ ስንት እንደሚጠይቅ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። (ለአዲስ አበባ የሚጠጣውን የሚልኩት የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች እዚሁ ዳር ላይ ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸው ግን ሮቶ ገዝተው ዝናብ ያቁራሉ።) ግቢ ውስጥ ያለው ሮቶ መጠኑ ራሱ ይናገራል፤ ትልቅ ሮቶ የተትረፈረፈ ውሃ ምልክት አይደለም።

ስለ መግዛት አጭር ልሁን፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ክረምት ተከራይተው ኖረው ያላዩትን ሰፈር አይግዙ። ኮብልስቶኑ ካለቀበት እስከ በሩ ያለው ጭቃ የሚታወቀው በነሐሴ ነው። ካርታ የሌለው ቤት ደግሞ "ሁሉም እንዲህ ነው የገዛው" ተብሎ አይገዛም። በ2011 ዓ.ም. ለገጣፎ ላይ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሸገር ከተማ ሰፋ ብሎ ሕገወጥ ተብለው የፈረሱት ቤቶች ውስጥ ይኖሩ የነበሩት ሰዎችም ሁሉም እንዲህ ነው ተብለው የገዙ ነበሩ፤ ግብር የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው ሜዳ ላይ የቀሩ ነበሩባቸው። ተከራይ የተሻለ መከታ አለው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስና ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ክልሎች ላይ ተፈጻሚ የሚሆነው ራሳቸው በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ስድስት ወር ቅድሚያ ለሚጠይቅ አከራይ ብሩን ከመቁጠር በፊት የከተማውን አስተዳደር መጠየቅ ይገባል። ኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲስ አየር ማረፊያ ሲቃረብም የዛሬው የቢሾፍቱ ኪራይ ባለበት አይቆይም። የተመዘገበ የ2 ዓመት ውል ዋጋው ያኔ ይታያል።

ቤተሰብ ግን ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢመርጥ ሊያስተካክለው የማይችለው አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም የአስተዳደሮቹ ድርሻ ነው። አዲስ አበባና ሸገር በወረቀት ላይ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግን አንድ ከተማ ናቸው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከጫፎቹ ሁለቱ ቃሊቲና አያት ላይ ናቸው፤ አንዱ የቢሾፍቱ፣ ሌላው የለገጣፎ መንገደኛ በር ላይ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ቦታ ላይ ጫፍ ሊቀመጥለት አይችልም ነበር። ይሁንና ለመስመሮቹ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመዋል። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ-ጂቡቲ ባቡርም ከፉሪ ለቡ ተነሥቶ በእንዶዴ፣ በቢሾፍቱና በአዳማ ያልፋል። የተሠራው በዋናነት ለወደብ ጭነት ስለሆነ ጣቢያዎቹ ከሰው መኖሪያ ራቅ ብለው ቀርተዋል፤ ለቡ የወረደ ሰውም ሜክሲኮ ለመድረስ ሌላ ታክሲ ይሰለፋል። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ለገሃር መሃል ላይ ነበር የሚያወርደው።

ሁለቱ አስተዳደሮች አዲስ ሐዲድ እንዲዘረጉ የሚጠይቅ የለም። ቆመው ያሉትን ባቡሮች ማስጠገን፣ እንዶዴና ቢሾፍቱ ጣቢያ በር ድረስ የሚደርስ አውቶቡስ መመደብ፣ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ሰሌዳ ለሚሠሩ ታክሲዎች የጋራ ስምሪት ማውጣት ይቻላል። ከነዚህ ውስጥ በቶሎ የሚሆነው የመጨረሻው ነው፤ ስብሰባና ፊርማ እንጂ የውጭ ምንዛሪ አያስፈልገውም። የሁለቱም የትራንስፖርት ቢሮዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ከመጪው የትምህርት ዘመን በፊት ይፈርሙት።