ብዕሩ አልሞተም፣ ታፍኗል

«ጣለውና አዲስ ግዛ» የሚል ምክር ሰልችቶኛል። ዴቨሎፐር ነኝ፤ በእኛም ሙያ ማንም አንብቦ ያልጨረሰው ኮድ «አሮጌ ነው፣ ከዜሮ ይጻፍ» ይባላል። አያቴ ነገሌ ቦረና ለሰፈር ሰው ደብዳቤ የጻፉበት፣ ቀለም የሚሞላው ብዕርም ያው ተፈረደበት። ሁለት ፊደል ጽፎ ይቆማላ!

ይሄ እኮ ሞት አይደለም። ከብረት ጫፉ ሥር ቀጭን ቦይ አለ፤ ቀለም ሲወርድ አየር በምትኩ ወደ ላይ ይገባል። ሉዊስ ዋተርማን በ1884 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያወጣበት ዘዴ ነው። አየር ካልገባ ቀለም አይወጣም፣ በቃ። ነገሌ፣ ያቤሎ ወይም ሞያሌ ሙቀት ውስጥ ሳይጻፍበት የከረመ ብዕር ደግሞ የቀለሙ ውሃ ይተንና ዝቃጩ ቦዩን ይደፍነዋል።

ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል? ጫፉን ወረቀት ላይ ይጫናል፤ ስንጥቁ ይከፈታል። የፈላ ውሃ ወይም አልኮል ያፈስበታል፤ የድሮ ፕላስቲክ ይበላሻል። ከጥላሸት የሚሠራውን የብራና ቀለም የሚሞላም አለ፤ ለመቃ ብዕር ግሩም ነው፣ እዚህ ግን ቦዩን ይዘጋል።

መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ንከሩት፣ ውሃውን ቀይሩ፣ ጥርት እስኪል ድገሙ። የአያቴ ብዕር ሦስት ቀን ፈጀ፤ አሁን ይጽፋል።

«ለአንድ ብዕር ሦስት ቀን?» ትሉኛላችሁ። ውሃው ውስጥ የተኛው ብዕሩ ነው፣ እኔ ሥራዬ ላይ ነበርኩ። በእርግጥ የውስጡ ላስቲክ ከደረቀ መቀየሩ ግድ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚታወቀው ተከፍቶ ሲታይ ነው። ሳይከፍቱ «አልቆለታል» ማለት ግን ዘመናዊነት አይደለም፤ ስንፍና ነው።